ክሩ ሲበጠስ የሚቆም ማሽን፦ ስለ ቶዮታ ጠየቃችሁኝ፣ መለስኩ

ባለፈው ሳምንት “ስለ ቶዮታ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ” ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። እኔ መካኒክ ነኝ። 26 ዓመት ከኮፈን ስር አጎንብሻለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የመኪና ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ። ስለዚህ ግማሹን ከእጄ፣ ግማሹን ከንባቤ ነው የምመልሰው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቶዮታ ድሮ የልብስ ስፌት መኪና ነበር የሚሠራው ይባላል። እውነት ነው?

ለጥቂት ሳትከው። ስፌት ሳይሆን ሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል የአናጺ ልጅ ነበር፤ በ1867 የተወለደ። እናቱ ስትሸምን እያየ አደገ። ያን ድካም ላቅልል ብሎ ተነሳና በ1891 በአንድ እጅ ለሚሠራ የእንጨት የሽመና መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ።

ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ይላል፣ እግር ይረግጣል፣ ዓይን ግን ከክሩ አይነቀልም። የተበጠሰ ክር ሳይታይ ካለፈ ጨርቁ ተበላሸ። ሳኪቺ ቆይቶ የሠራቸው ማሽኖች ክር ሲበጠስ ራሳቸው ቀጥ ይላሉ። በ1924 ያወጣው “ጂ” የተባለው ሞዴል ደግሞ ሳይቆም መወርወሪያውን ይቀይራል። አንድ ሠራተኛ ብቻውን 30 ማሽን መጠበቅ ቻለ። በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ ያንን የፈጠራ መብት ገዛ። ዓለምን በፋብሪካ ጨርቅ ያጥለቀለቀች አገር ከጃፓን አናጺ ልጅ ስትገዛ አስቡት።

ይቺን “ክር ሲበጠስ ቁም” የምትል ነገር ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከሽመና ወደ መኪና ምን አገናኛቸው?

ልጁ ኪይቺሮ። ኢንጂነር ነበር። በ1933 በአባቱ የሽመና ማሽን ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ። የሼቭሮሌት ሞተር አስመጥተው እያንዳንዷን ብሎን ፈተው አዩ፣ ለኩ፣ መሰሏን ለመሥራት ሞከሩ። “ቀድተው ነዋ!” ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ቀድተው ነው። ያልቀዳ የለም።

“ቶዮታ አይሰበርም” የምትሉ ደግሞ ይቺን ስሙ። በ1935 የወጣው የመጀመሪያው የጭነት መኪና፣ ጂ1፣ መንገድ ላይ መቆም ልማዱ ነበር። የራሳቸው ሰዎች መኪናው በቆመበት ሄደው ይጠግኑ ነበር። የት ቦታ እንደሚሰበር ያዩትን ይዘው ይመለሱና ያሻሽላሉ።

በ1936 የመጀመሪያዋ የቤት መኪና፣ ኤኤ፣ ወጣች። 1,404 ብቻ ናት የተሠራችው። እስከ ዛሬ ተርፋ የታወቀችው አንዲት ናት፤ እሷም የተገኘችው ሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ውስጥ ነው። አሁን ሆላንድ፣ ሄግ ከተማ ያለ ሙዚየም ውስጥ አለች። ሳያሳምሯት እንደተጎሳቆለች ነው ያስቀመጧት። እኔ ፎቶዋን ባየሁ ቁጥር ጋራዥ ጓሮ የቆመች አሮጌ መኪና ትመስለኛለች። ኩባንያው ራሱ በ1937 ነሐሴ ላይ ለብቻው ተቋቋመ።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ “ቶዮዳ” ከሆነ መኪናው ለምን “ቶዮታ” ሆነ?

በ1936 የአርማ ውድድር አውጥተው ነበር። ያሸነፈው “ቶዮታ” የሚለው ሆነ። በጃፓን ፊደል ሲጻፍ በ8 የብዕር ጭረት ያልቃል፤ 8 እነሱ ዘንድ የመልካም ዕድል ቁጥር ነው። ስሙ ለአፍም ቀለለ። ኩባንያውን ከቤተሰቡ ስም ትንሽ ለየት ማድረጉም ተፈልጎ ነበር። ከተማው ግን ተቃራኒውን አደረገ። ፋብሪካው ያለበት ኮሮሞ የሚባለው ከተማ በ1959 ስሙን ወደ “ቶዮታ” ቀየረ።

ጥያቄ፦ አንድ ጊዜ ሊከስር ደርሶ ነበር ሲባል ሰምቼ ነበር።

አዎ፣ በ1950። ገንዘብ አለቀ፣ ሠራተኛ ሊቀነስ ሆነ፣ አድማው ተፋፋመ። ኪይቺሮ ኃላፊነቱን ወስዶ ሰኔ ላይ ከሥልጣኑ ለቀቀ። በዚያው ወር የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ፤ የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኋላ የዘመተበት ማለቴ ነው። የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና በብዛት አዘዘና ኩባንያው ተረፈ። ኪይቺሮ ግን ይህን ብዙ አላየም። በ1952 በ57 ዓመቱ አረፈ። ነፍሱን ይማር።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ነው የምጽፈው፤ ታክሲ ነው የምነዳው፣ ካምሪ። አሜሪካኖች ቶዮታን እንዴት እንዲህ በቀላሉ ተቀበሉት?

ኧረ አልተቀበሉትም ወንድሜ። በ1957 ካሊፎርኒያ፣ ሆሊውድ ውስጥ ቢሮ ከፈቱና ቶዮፔት ክራውን የምትባል መኪና ይዘው ገቡ። ለጃፓን ጠባብና ኮረኮንች መንገድ የተሠራች፣ ወፍራም ቆርቆሮ የለበሰች ከባድ መኪና ናት። አሜሪካ ሃይዌይ ላይ ስትወጣ ጉልበት አጣች፣ ሞተሯም ይግላል። በ1958 ዓመቱን ሙሉ የሸጡት 288 መኪና ነው። ከዚያም ውስጥ አንዱ ላንድክሩዘር ነበር፣ አንድ ብቻ!

በ1960 መጨረሻ የቤት መኪና መላኩን አቆሙ። አላኮረፉም፤ ቤታቸው ገብተው ሠሩ። በ1965 ኮሮና የምትባለውን ለአሜሪካ መንገድ አስተካክለው ሲመለሱ ገበያው ተከፈተላቸው። የእርስዎ ካምሪ ደግሞ ከ1988 ጀምሮ ኬንታኪ ውስጥ ይመረታል። አሜሪካዊት ናት ቢባል አያስዋሽም።

ጥያቄ፦ ዋናው ጥያቄ ይኸው። ለምንድነው የማይሰበረው? ሚስጥሩን ንገረን።

ሰው የሚጠብቀው “ብረቱ ልዩ ነው” እንድል ነው። ብረቱ ብረት ነው። ሚስጥሩ ያቺ ክር ናት።

ታይቺ ኦኖ የሚባል ሰው ነበር። ሥራ የጀመረው የቶዮዳ ቤተሰብ ክር መፍተያ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ በ1943 ወደ መኪናው መጣ። ሲመጣ የሽመና ቤቱን ልማድ ይዞ መጣ። መኪና ፋብሪካ ውስጥ ደንቡ መስመሩ እንዳይቆም ነበር። ጉድለት ካለ መጨረሻ ላይ ይስተካከላል። እሱ ይህን ገለበጠው። ከሠራተኛው አናት በላይ ገመድ ተዘረጋ። ብሎን ካልጠበቀ፣ በር ካልገጠመ፣ ተራው ሠራተኛ ገመዱን ይጎትታል። መብራት ይበራል፣ አለቃው ይመጣል፣ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ጉድለትን ደብቆ ማሳለፍ ነው ነውሩ።

ሌላው ልማዳቸው “ለምን?” ብሎ አምስት ጊዜ መጠየቅ ነው። ከራሴ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ዲኤክስ ተጎትታ መጣች። የዘይት ክዳኗን ስከፍት ስሩ የተለጠፈው ዘይት ማኪያቶ መስሏል፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ባለቤቱ ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ ማሸጊያ፣ አስቀይሯል፤ ሁለት ጊዜም ተቃጥሏል። እኔም ልቀይርለት ነበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ ጠየቅሁ። ጓርኒሲዮኑ ለምን ተቃጠለ? ሞተሩ ስለጋለ። ለምን ጋለ? ውሃ ስላነሰው። ለምን አነሰ? እየፈላ ስለሚወጣ። ለምን ፈልቶ ይወጣል? የራዲያተሩን ክዳን ሳየው ስፕሪንጉ ሞቷል፣ ግፊት አይይዝም። ሞተር ሁለት ጊዜ የተፈታው በዚያች ክዳን የተነሳ ነው። ምትኳ ሱማሌ ተራ በርካሽ ትገኛለች።

ጥያቄ፦ ዲኤክስ ካነሳህ፣ “ዲኤክስ” ማለት ምን ማለት ነው?

“ዴሉክስ” ከሚለው የተወሰደ የደረጃ ስም ነው። እኛ አገር ዲኤክስ የምንላት በ1979 የወጣችውን አራተኛዋን ትውልድ ኮሮላ ነው። ጃፓን ሄደህ “ዲኤክስ” ብትል “የትኛዋ?” ነው የሚሉህ። ሃይኤስን ዶልፊን፣ አባዱላ እንደምንለው ነው፤ ስሙ የእኛው ነው።

ኮሮላን ያወጣት ታትሱኦ ሃሴጋዋ በጦርነቱ ዘመን የአውሮፕላን ንድፍ ሠሪ ነበር። ጃፓን ስትሸነፍ አውሮፕላን መሥራት ተከለከለ፣ እሱም መኪና ውስጥ ገባ። በ1966 የተፎካካሪዋ የኒሳን ሰኒ ሞተር መጠን 1,000 ሲሲ ነበር። ኮሮላን 1,100 አደረጋትና “100 ሲሲ ብልጫ” እያሉ አስተዋወቋት። የሃሴጋዋ ሐሳብ ቀላል ነበር። አንዱ ነገር 100 ነጥብ አግኝቶ ሌላው ከሚወድቅ፣ ሁሉም ከ80 በላይ ያግኝ። ኮሮላ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር የለም፣ የሚያሳፍርም የለም። በ1997 ፎልክስዋገን ቢትልን አልፋ በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠ የመኪና ስም ሆነች።

እኔ ዲኤክስን የምወዳት በሌላ ምክንያት ነው። ኮፈኗን ስትከፍት ባዶ ቦታ አለ። እጅ ይገባል። ካንዴላ ለመቀየር ሌላ ነገር አይፈታም። አሁን ያሉት መኪኖች ውስጥ ብሎን ከወደቀ መሬት አይደርስም፤ የሆነ ቦታ ተቀርቅሮ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ስለ ቪ8 ሳትነግረን እንዳትሄድ!

እሺ። የላንድክሩዘር መጀመሪያ በ1951 የወጣው ቢጄ የተባለ መኪና ነው፤ የአሜሪካኖቹን ጂፕ የሚመስል። በዚያው ዓመት ክረምት ፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው መጠለያ ድረስ ነድተው አወጡት። የጃፓን ፖሊስም ይህን አይቶ ገዛ። “ላንድክሩዘር” የሚለው ስም በ1954 መጣ።

እኛ “ቪ8” የምንለው በ2007 የወጣውን፣ 200 የተባለውን የላንድክሩዘር ሞዴል ነው። ስብሰባ ባለበት ሆቴል በር ላይ ነጭ ሆኖ የሚሰለፈው። ቪ8 የሞተሩ ዓይነት ነው፤ ስምንት ሲሊንደር። በ2021 የተተካው 300 ግን በስድስት ሲሊንደር ነው የሚሄደው። ሰው ግን አሁንም “ቪ8” ይለዋል፣ ምን ታደርጋለህ።

ለእኔ እውነተኛው ላንድክሩዘር በ1984 የወጣውና እስከ ዛሬ የሚመረተው 70 ነው። ባሌስትራው፣ ቀጥ ያለ መስታወቱ፣ የእርዳታ ድርጅት የሚነዳው። ጥንካሬው መጥፎ ስምም አትርፎለታል። በ1987 የቻድ ወታደሮች በቶዮታ ፒካፖች ሚሳይል ጭነው የሊቢያን ታንኮች በረሃ ላይ አሳደዱ። ጦርነቱ እስከ ዛሬ “የቶዮታ ጦርነት” ይባላል። ኩባንያው በማስታወቂያ የሚጠቅሰው ነገር አይደለም መቼም።

ጥያቄ፦ ቪትዝ የዲዛይነሩ ዜግነት ግሪክ ነው የሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። ሶቲሪስ ኮቮስ ይባላል። ቪትዝ በ1999 ወጣች። በአውሮፓ ያሪስ ተብላ የ2000 የዓመቱ መኪና ተሸለመች። ጃፓን በ2020 “ቪትዝ” የሚለውን ስም ጣለችው። አዲስ አበባ ግን አልጣለችውም።

ጥያቄ፦ ሁሌ ማወደስ ብቻ! ጥፋት የላቸውም?

አላቸው እንጂ። በ2009 እና በ2010 ነዳጅ መስጫው ከምንጣፍ ጋር ይያዛል፣ ተረግጦም አልመለስ ይላል ተብሎ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተመልሰው ተጠሩ። የመሥራቹ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ የካቲት 2010 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ሰው ከማሠልጠናችን ፈጥነን አደግን የሚል ነበር የንግግሩ ፍሬ ነገር። በ2014 ደግሞ ለደንበኞች እውነቱን ባለመናገራቸው 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በ2023 መጨረሻ ትናንሽ መኪና የሚሠራላቸው ዳይሃትሱ የደኅንነት ፈተና ሲያጭበረብር እንደኖረ ታወቀ። ገመዱን የሚጎትት ሰው አልተገኘም፣ ወይም የጎተተውን የሰማው የለም። እኔን የሚያናድደኝ ብልሽቱ አይደለም፤ መደበቁ ነው።

ጥያቄ፦ አሁን እኮ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው። ቶዮታ አልዘገየም?

ዘግይቷል። የሚገርመው ቀድሞ የጀመረው እሱ ነበር። ፕሪየስ በ1997 ታኅሣሥ ወጣ፤ ቤንዚንና ባትሪ አንድ ላይ። የመጀመሪያው ናሙና 49 ቀን ሙሉ አልነሳም ብሎ ኢንጂነሮቹን አሰቃይቷል። በዚያ ስኬት ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፣ ቻይኖቹ አለፏቸው። በ2022 የሙሉ ኤሌክትሪኩን ቢዜድ ፎር ኤክስን ሲያወጡ ገና ከመሸጡ የጎማው ብሎን እየላላ ነው ተብሎ “አትንዱት” ተባለ። የጎማ ብሎን! ያውም ቶዮታ። ቆይተው አስተካከሉት።

እኛ አገር በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይኸው ቢዜድ ፎር ኤክስ አዲስ አበባ ላይ በዝቷል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ስለ ባትሪ እየተማርኩ ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ። አዲስ ነጂ ነኝ፣ አሮጌ ቪትዝ ገዛሁ። አንድ ምክር ስጠኝ።

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ብዙዎቹ ቪትዞች ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ የላቸውም፣ መብራት ብቻ ነው። ጠዋት ስታስነሺ ሰማያዊው ቢበራ አትደንግጪ፣ ሞተሩ ገና አልሞቀም ማለት ነው። ቀዩ ከበራ ግን “ጋራዥ እስክደርስ ትችላለች” አትበይ። ዳር ይዘሽ እዛው ቁሚ፣ አጥፊያት። ትኩስ እያለ የራዲያተር ክዳን እንዳትከፍቺ። ከዚያ ደውዪልኝ።