ሁለተኛ ከመቀመጣችሁ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ልጅ አራት ኪሎ አንድ ካፌ አገኘኋት። ማኪያቶዋ እስኪቀዘቅዝ አልነካችውም። ጂማት (የቢዝነስ ማስተርስ መግቢያ ፈተና) ተፈትና 555 አምጥታለች። የምትመኘው ትምህርት ቤት ግን ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

«ጋሼ፣ ከ16 ቀን በኋላ እንደገና መቀመጥ ይቻላል። ልመዝገብ?»

«ምኑ ላይ ነው የሳትሽው?»

«እኔ እንጃ። በደንብ አላነበብኩም መሰለኝ።»

ይቺን መልስ አውቃታለሁ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ እኔም ብያታለሁ።

ያኔ ባንክ ሒሳብ ክፍል ነበርኩ። በየቅዳሜው ወመዘክር ገብቼ አጠና ነበር። 530 መጣልኝ። አፈርኩ። ቤት ውስጥ «ውጤቱ ገና ነው» እያልኩ ሁለት ሳምንት ዋሸሁ። ከዚያ ያንኑ መጽሐፍ ከገጽ አንድ ጀመርኩ። ልብ አድርጉ፣ ደጋግሜ የማነበው የማውቀውን ምዕራፍ ነበር። የሚያውቁትን ማንበብ ደስ ይላላ!

ያወጣኝ አንድ ተራ ደብተር ነው። የሳትኩትን ጥያቄ ሁሉ እጽፋለሁ፣ ከጎኑ ለምን እንደሳትኩት በአንድ መስመር። «ተዘናግቼ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ሳየው ከግማሽ በላዩ ያለማወቅ አልነበረም። እልህ ነበር። በኔ ጊዜ 37 የሒሳብ ጥያቄ በ75 ደቂቃ ነው የሚሠራው፣ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ። እኔ አንዱን ይዤ ስድስት ደቂቃ እታገላለሁ። መጨረሻ ላይ አምስት ጥያቄ ሳልነካ ሰዓቱ አለቀ። ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ ደግሞ ነጥብ ይቀንሳል።

ሌላው በሽታዬ የሙያ ነው። ዳታ ሰፊሸንሲ የሚባለው ጥያቄ መልሱን አይፈልግም፤ የተሰጠው መረጃ ይበቃል ወይ ነው የሚለው። ለምሳሌ፦ አንድ ቁጥር ስንት ነው? አንደኛ፣ ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ 49 ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ከዜሮ ይበልጣል። የቸኮለ «7 ነው፣ የመጀመሪያው ብቻ ይበቃል» ይላል። ኔጌቲቭ 7ን ረሳ። ሁለቱ አንድ ላይ ካልሆኑ አይበቁም። እኔ ደግሞ ሳንቲም ካላስታረቀ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነኝ፣ መብቃቱን ካወቅሁ በኋላም እስከ መጨረሻው አሰላ ነበር። ደቂቃዬን የበላው እሱ ነው።

አሁን ፈተናው አጥሯል። ሒሳብ፣ ቨርባል (የእንግሊዝኛ ንባብና የምክንያት ጥያቄ) እና ዳታ ኢንሳይትስ (ከሰንጠረዥና ከግራፍ መረጃ ማውጣት)፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። ድርሰቱ ቀርቷል። የምትጀምሩበትን ክፍል ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ጊዜ ከተረፋችሁ በየክፍሉ እስከ 3 መልስ ተመልሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ይህ ለእልኸኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ገምቶ መልሶ፣ ምልክት አድርጎ ማለፍ ይችላላ። የሒሳቡ ክፍል ካልኩሌተር የለውም፣ ዳታ ኢንሳይትስ ላይ ግን አለ። ስልካችሁ ላይ ማባዛት የለመዳችሁ ከዛሬ ጀምሩ።

በነገራችን ላይ፣ ስትመዘገቡ ስማችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። የእኛ ስም በላቲን ሲጻፍ አስር ዓይነት ነው። ክፍያው በዶላር ስለሆነ በር ላይ መመለስ ያንገበግባል።

ለእህቴ ልጅ ቀኑን እንዳትቆርጥ ነገርኳት። መጀመሪያ የውጤት ሪፖርቱን ከፍተን አየን፤ ጊዜዋ የት እንደሄደ ያሳያል። ሒሳቧ ደህና ነው። ዳታ ኢንሳይትስ ላይ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች በግምት ነው የሞላችው።

«ሰንጠረዡን ሙሉውን ነበር የማነበው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከዚያ ማኪያቶዋን አስሞቀች። ትናንት ማታ ከአብርሆት ቤተ መጻሕፍት የደብተሯን ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ መስመር ላይ «ተዘናግቼ» ብላ ጽፋ ሰርዛዋለች።