ስለ እድገት ሆርሞንና ስለ አንጎል ጠይቁኝ

ስለ ሆርሞኖች አስተምራለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የእድገት ሆርሞን ሲበዛ አንጎል በምን ያውቃል?

መልስ፦ ሆርሞኑን የምታመነጨው ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ናት። አዛዦቿ ግን ከበላይዋ፣ ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ዓይነት የነርቭ ሴሎች ናቸው። አንዱ «ልቀቂ» ይላታል። ሌላው ሶማቶስታቲን የተባለ ሆርሞን ልኮ «ቆዪ» ይላታል። የተለቀቀው ሆርሞን በደም ዞሮ እነዚሁ ሴሎች ጋ ይመለሳል፤ «ቆዪ» ባዩን ያነቃቃል፣ «ልቀቂ» ባዩን ያበርዳል። ሆርሞኑ በራሱ ላይ ፍሬን ይይዛል ማለት ነው! ጉበትም በሆርሞኑ ትእዛዝ አይጂኤፍ-1 የተባለ፣ ሰውነትን የሚያሳድግ ሌላ ሆርሞን ያመርታል፤ እሱም ፒቱታሪንና ሃይፖታላመስን «በቃ» ይላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ቁመቱ አጭር ነው። ደም ሰጥቶ ሆርሞኑ «የለም ማለት ይቻላል» ተባልኩ። ልደንግጥ?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይደንግጡ፣ እህቴ። ሆርሞኑ ፈሰስ ይልና ይቆማል፣ እንደገና ፈሰስ ይላል። ትልቁ ልቀት ሌሊት ነው፣ ከባድ እንቅልፍ እንደያዘን። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተቀዳ ደም ጤነኛ ልጅ ላይም ባዶ ሊመስል ይችላል። አይጂኤፍ-1 ግን በቀን ውስጥ ብዙም አይዋዥቅም፤ ሐኪሞች እሱን የሚያዩት ለዚህ ነው። ካስፈለገ ሆርሞኑን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ሰጥተው ደጋግመው ደም ይቀዳሉ። የቁመቱን መዝገብ ይዘው ይሂዱ። በዓመት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጨመረ ማወቅ ከአንድ ቀን ደም በላይ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ሆርሞኑ ሞልቶ ልጅ የማያድግበት ጊዜ አለ?

መልስ፦ አለ። ሐኪሙ ዝቪ ላሮንና ባልደረቦቹ በ1966 እስራኤል ውስጥ የገለጹት ሕመም ነው። የሆርሞኑ ተቀባይ፣ ማለትም ሴሎች የሆርሞኑን ትእዛዝ የሚቀበሉበት ክፍል፣ ስለተበላሸ ጉበት አይጂኤፍ-1 አያመርትም። «በቃ» የሚል ስለሌለ ፒቱታሪ መልቀቋን ትቀጥላለች።

ጥያቄ፦ ጂም ውስጥ መርፌውን ውሰድ እያሉኝ ነው።

መልስ፦ ተው ወንድሜ፣ እባክህ። አንጎልህ ከውጭ የገባውን ሆርሞን እንደራስህ ቆጥሮ የራስህን ያፍናል። የደም ስኳር ይጨምራል፣ እጅና እግር ያብጣል፣ መገጣጠሚያም ያማል።

ጥያቄ፦ ስንራብስ?

መልስ፦ ስንራብ ሆርሞኑ ይጨምራል። በአይጦች ላይ እንደታየው ረሃብን የሚቀሰቅሱ የነርቭ ሴሎችን አግኝቶ ሰውነት ጉልበት እንዲቆጥብ ያደርጋል። ተቀባዩ ከእነዚህ ሴሎች የጠፋባቸው አይጦች ምግብ ሲቀነስባቸው ከሌሎቹ የበለጠ ይከሳሉ።