መልስ፦ እናቴ «ምግቡ ጣዕም የለውም» እያለች ጨው ታበዛለች

ጨውን ተወውና መዓዛውን ጨምር። የ74 ዓመት እናትህ ምግብ ሁሉ አልጫ የሆነባቸው በአፍንጫቸው ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ምላስ የሚለየው ጣፋጭ፣ ጨዋማ፣ ጎምዛዛ፣ መራራና ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕምን ነው። ሌላው «ጣዕም» የምንለው አብዛኛው ከአፍ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው። ካላመንክ አፍንጫህን ይዘህ የናና ከረሜላ ምጠጥ፤ ስኳሩና ቅዝቃዜው ብቻ ይሰማሃል። ስትለቀው ናናው ከተፍ ይላል። ይህ የማሽተት አቅም ከ60 ዓመት በኋላ እየደከመ ይሄዳል፣ ከ70 በኋላ ደግሞ ይብሳል።

1. ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ አትሰስት። ሎሚው ብቻውን ብዙ ጨው ያስቀራል።
2. ምግቡን ሞቅ አድርገህ አቅርብ። የቀዘቀዘ ምግብ ሽታው አይወጣም።
3. ምግቡን ሁሉ አንድ ላይ አትፍጭ። ጥርሳቸው ከቻለ የሚቆረጠም ነገር ይኑርበት።

የሚወስዱት መድኃኒትም ጣዕም ሊያጠፋ ይችላል፤ ሐኪም ጠይቅ እንጂ ራስህ አታስቁም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። አባቴ የተበላሸ ወተት አንድ ኩባያ ሙሉ ጠጥቶ «ደህና ነው» አለኝ። እኔ ሽታውን ከበር ላይ ነበር የሰማሁት። ስለዚህ የተረፈ ምግብ ላይ ቀን ጻፍበት፣ የጋዙንም መዝጊያ አንተው እይ። ማሽተታቸው ቀስ በቀስ ሳይሆን ድንገት ከጠፋ ግን እርጅና ነው ብለህ አትለፈው፤ ቶሎ ሐኪም ይያቸው።