ከሶፍትዌሩ በፊት ማስመሪያውን አምጡ

ልጆቼ፣

ቴክኒካል ንድፍ መማር የጀመረ ወጣት ሁሉ ወደ እኔ የሚያመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቤት ውስጥ የምለማመድበት ነፃ ሶፍትዌር የትኛው ይሻላል?» ጥያቄው ክፋት የለውም። ችግሩ ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፕሮግራም ጭኖ፣ አራተኛውን እያወረደ፣ ገና አንድም ንድፍ ሳይጨርስ መጠየቁ ነው።

እኔ ሥራውን የጀመርኩት ቲ-ስኩዌር በሚባለው የቲ ቅርጽ ማስመሪያና በቀለም ብዕር ነው። ትሬሲንግ ፔፐር በሚባለው ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ላይ የተሳሳተ መስመር በምላጭ ጫፍ ይፋቃል። ሁለት ጊዜ በተፋቀ ቦታ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰመር ወረቀቱ ቀለሙን እንደ ጥጥ ይመጠዋል፤ የቀኑ ድካም በዚያው ያልቃል። ስለዚህ እጃችን ሳይነሣ ዓይናችን ሥራውን ይጨርስ ነበር። ያን ዘመን አልናፍቀውም፤ ወገቤም አይናፍቀውም። የዓይኑ ልማድ ግን እናንተ ዘንድ ሲጠፋ አያለሁ፤ ሶፍትዌር ስትመርጡም መለኪያዬ እርሱ ነው።

በመጀመሪያ «ነፃ» የሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አንዱ ነፃ በተማሪነት የሚገኝ ነው። አውቶካድ የተባለው የንድፍ ሶፍትዌር እንዲህ ነው፤ ተማሪ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ታቀርባላችሁ፣ ፈቃዱ ለ1 ዓመት ይሰጣል፣ በትምህርት ላይ እስካላችሁ ይታደሳል። በእርሱ ግን ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ መሥራት አይፈቀድም። ሌላው ነፃ ሊብሬካድና ፍሪካድን የመሰለው ነው፤ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው፣ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም፣ ሠርታችሁባቸው ብትከፈሉም ከልካይ የላችሁም። የመጀመሪያው ውሰት ነው፣ ሁለተኛው የራስ። ውሰት ነውር የለበትም፤ ብቻ የመመለሻውን ቀን እያወቃችሁ ተዋሱ።

ይህን የምለው ቀምሼው ነው። ለዓመታት ያለ ክፍያ የሠራሁበት አንድ ፕሮግራም ነበር። አንድ ቀን ስከፍተው ከዚህ ቀን በኋላ ነፃው ቅጂ አይሠራም የሚል ማስታወቂያ ብቅ አለ። ንድፎቼ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ መክፈቻው ግን ከእጄ ሊወጣ ነው። ያዳነኝ ከእያንዳንዱ ሥራ አንድ ቅጂ በዲኤክስኤፍ (DXF) የማስቀመጥ ልማዴ ነው። ይህ የፋይል ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1982 ከመጀመሪያው አውቶካድ ጋር የወጣ ሲሆን፣ ዛሬ አብዛኛው የንድፍ ሶፍትዌር ያነበዋል። በተራ የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ክፈቱትና እዩት፤ «ላይን» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ከሥሩ የመነሻውና የመድረሻው ነጥብ ቁጥሮች ተደርድረው ታገኛላችሁ። በዓይን የሚነበብ ፋይል በአንድ ኩባንያ ውሳኔ ከእጃችሁ አይወጣም። ሌላውን ሁሉ የሚያሟላ፣ ነገር ግን ሥራችሁን ከራሱ ውጭ ማስቀመጥ የማይፈቅድ ፕሮግራም ቢሰጣችሁ ለልምምድም ቢሆን አትንኩት።

መቆለፊያው ተሰብሮ የሚታደለውን ቅጂ በተመለከተ ብዙ አልልም። ከቫይረሱ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ፣ የሌላውን ድካም ሰርቆ ሙያ የጀመረ ሰው ነገ የራሱ ንድፍ ሲሰረቅ ለመናገር አፍ የሚያጣ መሆኑ ነው።

የኮምፒውተራችሁን አቅምም ተመልከቱ። የቅርብ ጊዜው አውቶካድ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ይፈልጋል፤ በዚያም ላይ ቢሆን ሲያቃስት ትሰሙታላችሁ። ሊብሬካድ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በጠፍጣፋ ብቻ ነው፣ ቁመትና ጥልቀት ያለው አካል አያወጣም። ኦንሼፕ ምንም ሳይጫን በኢንተርኔት ይከፈታል፤ በነፃው አገልግሎት የምትሠሩትን ግን ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። ፍሪካድ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀምሮ 1.0 የተባለው እትሙ የወጣው በ2024 መጨረሻ ነው። ስለዚህ የቆዩ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች የሚያሳዩት ቦታ ላይ አዝራሩን ብታጡት ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

ፍርዴን ከፈለጋችሁ፣ ትምህርት ቤታችሁ በአውቶካድ የሚያስተምር ከሆነና ኮምፒውተራችሁ ከቻለው እርሱን ያዙ፤ ካልቻለው በሊብሬካድ ጀምሩ። እንደ ፍሪካድና ኦንሼፕ ያለውን፣ ጥልቀት ያለው አካል የሚያወጣውን ባለ ሦስት አውታር (3D) ፕሮግራም ለጥቂት ወራት አቆዩት። የማሽን ክፍል ተማሪዎች በዚህ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ምክንያቴን በአንድ ብሎን ላሳያችሁ።

ከየትም ብላችሁ አንድ ባለ ስድስት ጎን ብሎን ከነዳዶው አግኙና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። ባለ ስድስት ጎኑን የብሎኑን ጭንቅላት ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ንደፉት። ብዙ ጀማሪ የፊቱንና የጎኑን እይታ አንድ ዓይነት ስፋት ይሰጣቸዋል። ብሎኑን አንሡና ወደ ዓይናችሁ አስጠጉት። አንዱ ገጽ ፊት ለፊት ሲያያችሁ ሦስት ገጾች ይታያሉ፤ ስፋቱም ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ነው። ሩብ ዙር ስታዞሩት ሁለት ገጽ ብቻ ይቀራል፤ ስፋቱም ከገጽ እስከ ገጽ ወዳለው ይጠብባል። ከገጽ እስከ ገጽ 17 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን ከጥግ እስከ ጥግ 19.6 ያህል ነው። ባለ ሦስት አውታሩ ፕሮግራም ይህን ሁሉ ያለ ጥያቄ ይሰጣችኋል፤ ትክክለኛ ንድፍ ይወጣል፣ እናንተ ግን ምንም አላያችሁም። በጠፍጣፋው ስትሠሩ የጎኑ እይታ ለምን እንደጠበበ ካልገባችሁ መስመሩን ማስቀመጥ አትችሉም።

ብሎኑን በትክክለኛ ልኩ ንደፉ። በኮምፒውተር ስንሠራ ነገሩን በሙሉ ልኩ አስቀምጠን፣ ማሳነሱን ለሕትመት ጊዜ ነው የምንተወው፤ እንደ ድሮው እያካፈሉ መሳል የለም። ከዚያ አጠገቡ ልክ 100 ሚሊሜትር የሆነ መስመር አስምሩና ሁሉንም ኤ4 ወረቀት ላይ በ1:1 አትሙት። አሁን ማስመሪያ አምጡ። መስመሩ 97 ቢወጣ አትደንግጡ፤ ፕሪንተሩ ገጹን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት ራሱ አሳንሶታል። ይህን ምርጫ አጥፍታችሁ 100 እስኪሆን ድረስ ድገሙት። እኔ ይህን ሳላደርግ፣ የአራት ቀዳዳ ቦታ የያዘ ወረቀት አትሜ ወርክሾፕ ሰጠሁ። እነርሱም አምነውኝ ወረቀቱን ብረቱ ላይ ለጥፈው በሱት። በ120 ሚሊሜትር መራራቅ የነበረባቸው ቀዳዳዎች 116 ላይ አረፉ። ብረቱ ተጣለ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ንድፍ ያኔም ዛሬም እንከን የለበትም።

የነፃ ሶፍትዌር ድክመት በብዛት የሚታየውም ማተም ላይ ነው። ስለዚህ ስትመርጡ የአዝራሩን ብዛት አትቁጠሩ፤ የመስመሩን ውፍረት ወረቀት ላይ ለይቶ ያወጣ እንደሆነ ፈትኑት። በጥቁር ስክሪን ላይ መስመር ሁሉ በቀለም ስለሚለያይ ንድፉ የተዋጣለት ይመስላል። ወረቀት ላይ ሲወርድ የሚታየው ጠርዝ፣ የተሰወረው ጠርዝና የልክ መስመሩ እኩል ከወፈሩ አንባቢው የቱን አስቀድሞ እንዲያይ አያውቅም። ለዋናው ጠርዝ 0.5፣ ለልክና ለመሃል መስመር 0.25 ሚሊሜትር ስጡና ልዩነቱን ተመልከቱ። ከእነዚህ መሃል 0.35፣ ከላይ ደግሞ 0.7 አለ። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተመረጡ እንዳይመስላችሁ፤ እያንዳንዱ ከቀዳሚው 1.4 ጊዜ ያህል ይወፍራል፣ የኤ3ና የኤ4 ወረቀት ጎኖችም በዚያው ልክ ነው የሚበላለጡት። ስለዚህ ኤ3 ላይ የተነደፈው ወደ ኤ4 ሲያንስ 0.5 የነበረው 0.35 ሆኖ ያርፋል። ይህን ያሰበውን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

አንድ ፕሮግራም ከያዛችሁ በኋላ ቢያንስ ሃያ ንድፍ ሳትጨርሱ አትለውጡ። ኦፍሴት (መስመርን በተወሰነ ርቀት መድገሚያ)፣ ትሪም (ትርፍ መስመር መቁረጫ)፣ ሌየር (መስመሮችን በየንብርብሩ መለያ) እና ነጥብ መያዣ (ጠቋሚውን ልክ ነጥቡ ላይ ማሳረፊያ) በሁሉም ዘንድ አሉ፤ የሚለያየው አዝራሩ ያለበት ቦታ ነው።

የብሎኑን ንድፍ ስትጨርሱ አሳዩኝ። ፋይሉን አልፈልገውም፤ የታተመውን ወረቀት፣ ብሎኑን ራሱንና ማስመሪያችሁን ይዛችሁ ኑ።