ዎልፔፐሩ ጀሶውን ይዞ እንዳይወርድ

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዳማ ነው። የመኝታ ቤቱን ዎልፔፐር አንስተን ቀለም ልንቀባ አስበን ነበር። ላዩ በእጅ ተላጠ፤ ከሥሩ ግን ነጭ ወረቀት ቀረ። እሱን በስፓቱላ ስንፍቀው ጀሶው አብሮ እየተነሳ ግድግዳው ተቦረቦረ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ መፋቁን ያቁሙ። የተላጠው የፕላስቲክ ሽፋኑ ነው፤ ውኃ ስለማያሳልፍ በደረቁ መነሳቱ ደግ ሆነ። የቀረው ወረቀት ግን ውኃ ይጠጣል። የደረቀ ኮላ ከጀሶ ይጠነክራል፤ ሳያርሱ ሲፍቁት የሚለቀው ጀሶው ነው።

የክፍሉን መብራት ከብሬከሩ ያጥፉ፤ ሶኬትና ማብሪያውን በላስቲክ ይሸፍኑ። እጅ የሚችለው 4 ሊትር ሙቅ ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይጨምሩ። ሳሙናው ውኃው ወረቀቱ ውስጥ እንዲሰርግ ይረዳል። በስፖንጅ 1 ሜትር በ1 ሜትር ብቻ ያርሱ። በአዳማ ሙቀት ሙሉ ግድግዳ ካረሱ አንዱን ጥግ ሳይጨርሱ ሌላው ይደርቃል። መስኮት ይዝጉ፣ ቬንትሌተርም አይክፈቱ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ አርሰው 5 ደቂቃ ይታገሱ።

መድረሱን በጥፍርዎ ይወቁ፦ ጠርዙን ሲጭሩት እንደ ራሰ እንጀራ ተጠቅልሎ ከመጣ ደርሷል፤ እየተበጣጠሰ ከመጣ ገና ነው። ስፓቱላውን ጋደም አድርገው ይግፉ፤ ቀጥ ካለ ጥጉ ይቆፍራል። ጀሶም ውኃ ሲበዛበት እንደ ሊጥ ይላላል፤ ውኃው ግድግዳው ላይ መውረድ ከጀመረ በዝቷል። የሲሚንቶ ልስን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ግድግዳው ንጹሕ ይመስላል፤ እርጥብ ጣት ሲያስኬዱበት ግን ያዳልጣል። ኮላ ነው። በላዩ የተቀባ ቀለም ይሰነጣጠቃል፣ ይላጣል። ውኃውን ቶሎ ቶሎ እየቀየሩ በስፖንጅ ይወልውሉት። ከተጠራጠሩ የፋርማሲ አዮዲን በውኃ አቅጥነው ጠብ ያድርጉበት፤ የስታርች ኮላ ካለ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል።

አሁን መስኮቱ ይከፈት፤ 2 ቀን ይድረቅ። የተቦረቦረውን አቧራውን ጠርገው ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ያስነኩት፤ ከዚያ ስቱኮውን (የግድግዳ መሙያውን) በስሱ 2 ጊዜ ይሙሉ። በአንዴ በወፍራሙ ከተሞላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በ120 ከዚያም በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ቀለሙን ከመቀባትዎ በፊት ሙሉ ግድግዳውን ፕራይመር ይቀቡ፤ አለዚያ ስቱኮ የነካው ቦታ ቀለሙን መጦ ደብዛዛ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል።