«ጅማትሽ ዞሯል» ተባልኩ፤ ልታሽ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ42 ዓመት ሴት ነኝ። ጅማ ውስጥ ቡና መጋዘን ለቀማ ስሠራ 9 ዓመቴ ነው። ከአንገቴ ወደ ቀኝ ትከሻዬ ይጠዘጥዘኛል፤ ማታ ሲሆን እንደ እንጨት ይደርቃል። ጎረቤት «ብርድ ነው» ይላል፣ ሌላው «ጅማትሽ ዞሯል»። አንድ ፊዚዮቴራፒስት ደግሞ «ፋሺያው ተጣብቋል፣ በእጅ ይላቀቃል» አለኝ። ፋሺያ ምንድን ነው? ገንዘቤን ላውጣበት? (ከሒርማታ)

መልስ፦ እህቴ፣ ስሙ አዲስ ሆነብዎት እንጂ ፋሺያን ያውቁታል። የዶሮ ብልት ሲያወጡ፣ ቆዳው ሲገፈፍ ከሥጋው ጋር የሚሳበው ስስ ነጭ ድር እሱ ነው። የእኛም ጡንቻ እንዲሁ ተጠቅልሎ ነው ያለው፤ በንብርብሮቹ መካከል ያለው አሟላጭ ፈሳሽ ያንሸራትታቸዋል።

ሕክምናው እንደ ቤታችን በቅቤ መፈተግ አይደለም። ባለሙያው ቀስ ብሎ ይጫናል፣ አንዱ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆያል። ብዙዎች ቀለል ይላቸዋል። «አላቀቅኩት» የሚለውን ግን በልኩ ይቀበሉት፦ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የሒሳብ ስሌት የጭንንና የውስጥ እግርን ወፍራም ፋሺያ 1 በመቶ እንኳ ለማዛባት ከእጅ አቅም በላይ የሆነ ኃይል እንደሚጠይቅ አሳይቷል። እኔ የሚመስለኝ፣ ሽፋኑ በነርቭ ጫፎች የተሞላ ስለሆነ ዝግ ያለው ግፊት ነርቩን ያረጋጋዋል፣ ጡንቻውም ይላላል። ጅማትም አልዞረም፤ በጣትዎ የሚዳስሱት ጓል የተኮማተረ ጡንቻ ነው።

ስለዚህ 3 ወይም 4 ጊዜ ይሞክሩት፤ ለውጥ ከሌለ ገንዘብዎን አያፍስሱ። አንገትዎን ግን ወጌሻም ሆነ ማንም ድንገት እንዳይጠመዝዝ።

ከመታሸቱ በላይ የሚያሳስበኝ አቀማመጥዎ ነው። ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አንገት ተደፍቶ፣ ቀኝ እጅ ብቻ እየሮጠ፤ የዛሬው መታሸት ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ያልቃል። ቡናውን ከፍ ባለ ነገር ላይ ያድርጉት። በየግማሽ ሰዓቱ ቀና ብለው ትከሻዎን 10 ጊዜ ያሽከርክሩ። ክፍያው በኪሎ ከሆነ እያንዳንዷ ደቂቃ እንደምትቆጭ አውቃለሁ፤ ይህቺ ግን ግማሽ ደቂቃ አትሞላም።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ለሚያሽዎት ባለሙያ አስቀድመው ይንገሩት። እጅዎ ከደነዘዘ፣ ስኒ ከጣትዎ ካመለጠ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ከተከተለ ግን መታሸቱን ትተው ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ የአከርካሪ ቲቢ አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚጀምረው።