ከዲቪ በኋላ ግብርና መማር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ጎጃም ገበሬ ቤት ነው ያደግኩት። በዲቪ መጥቼ ሳን ሆዜ መጋዘን ውስጥ ከሠራሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ግብርና ልማር ብል ዘመዶቼ «ከእርሻ አምልጠህ መጥተህ ተመልሰህ እርሻ?» ብለው ሳቁብኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ዘመዶችህ እርሻ ሲባል የሚታያቸው ሞፈርና ቀንበር ስለሆነ አትፍረድባቸው። እዚህ አገር የፀረ ተባይ ጣሳ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ራሱ ሕግ ነው። ለአንድ ኤከር ስንት እንደሚረጭ፣ ሠራተኛ ማሳው ውስጥ ተመልሶ የሚገባው ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነ፣ ምርቱ እስኪሰበሰብ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ሁሉ ተጽፎበታል። ያንን አንብቦ፣ አስልቶ፣ የመርጨት ፈቃድ የያዘ ሰው ከለቃሚዎቹ ተራ ይወጣል። ኮሌጁ የሚያስተምርህ ይህንን ነው፤ በሬ መጥመድማ ታውቃለህ።

ክፍያው አያስጨንቅህ። ለካሊፎርኒያ ነዋሪ አንድ ዩኒት (የትምህርት ክሬዲት) 46 ዶላር ስለሆነ የአሶሺየት ዲግሪው (የሁለት ዓመቱ ዲግሪ) 60 ዩኒት 2,760 ዶላር ይመጣል። ግሪን ካርድ ስላለህ ፋፍሳ የሚባለውን የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ሙላ፤ ገቢህ ዝቅተኛ ከሆነ ይህም ሊቀርልህ ይችላል። ይልቅ የሚከብድህ ኪራዩ ነው። የራሳቸው እርሻ ያላቸው እነ ሞዴስቶና ሪድሊ ኮሌጅ ከሳን ሆዜ ተመላልሰህ የምትማርባቸው አይደሉም። ያም ሆኖ የኮሌጁ እርሻ ላይ እጅህን ሳታስገባ ግብርና ተማርኩ እንድትል አልፈልግም።

ከመመዝገብህ በፊት አንድ ነገር ቁረጥ፦ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትቀጥላለህ ወይስ ቶሎ ሥራ ትገባለህ? ለመስኖ ወይም ለትራክተር ጥገና ሰርተፍኬት ከወሰድከው ኮርስ ዩኒቨርሲቲ ላይ የማይቆጠርልህ አለ፤ ብዙ ተማሪ ይህን የሚሰማው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። መቀጠል ካሰብክ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የተዘጋጀውን «አሶሺየት ዲግሪ ፎር ትራንስፈር» ያዝ። ካል ስቴት በሚባለው የካሊፎርኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቦታ ያስገኝልሃል፣ የትኛው ካምፓስ እንደሆነ ግን ዋስትና የለውም። እኔ ብሆን ይህን እመርጥ ነበር፤ ለገበሬ የተባይ መድኃኒት የሚያዝዘው አማካሪ ፈቃድ ያለ ኮሌጅ ትምህርት አይገኝምና።

የራሴ እርሻ ይኖረኛል ብለህ ከሆነ ግን ዲግሪው መሬት አይሰጥህም። በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ፣ ዋናው የእርሻ አካባቢ ውስጥ፣ መሬት ውድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሕግ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ መሳብ እየተገደበ ነው። በኪራይ መሬት ለመጀመር የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት እስከ 50,000 ዶላር አነስተኛ ብድር አለው።

ለጊዜው ሥራህን አትልቀቅ። ስታትስቲክስና እንግሊዝኛን እዚያው ሳን ሆዜ ማታ ወይም ኦንላይን ጀምር፤ ኮርሱ ዩኒቨርሲቲ ላይ ይቆጠር እንደሆነ አሲስት በሚባለው ድረ ገጽ ሳታረጋግጥ ግን እንዳትመዘገብ።